አመመኝ ያለው ሰውዬ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምትለዋን አባባል ሳይሰማ ያደገ ሰው በእኛ አገር ያለ አይመስለኝም። ሆዱን የቆረጠው ልጅ እናቱ ዘንድ የሚሮጠው፣ ጉልበታቸውን ያመማቸው አዛውንት ጠበል የሚወርዱት፣ ጎልማሳው ጤና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፎ የሚውለው በዚህችው አባባል ኃይል ነው። ጥሩ አባባል ናት። ነገር ግን ግማሽ መንገድ አድርሳን ትቆማለች። በሽታውን ያልደበቀው፣ «ኧረ ክንዴ ሞተብኝ» እያለ በአደባባይ የተናገረው፣ ግን የሚያምነው ያጣው ሰውዬስ ምን ይገኝለታል? ስለ እሱ የተባለ ነገር የለም።

ዛሬ የማነሣው ሰው እንደዚያ ያለ ነው። ጄምስ ሮድኒ ሪቻርድ ይባላል፤ አሜሪካኖች በአጭሩ ጄ. አር. ሪቻርድ ይሉታል። ሙያው ቤዝቦል መጫወት ነበር። በሙያው ጫፍ ላይ በነበረበት ሰዓት፣ በ30 ዓመቱ፣ እንጀራው በአንድ ቀን ተቋረጠ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቤዝቦል ደግሞ ከእኛ ጋር ምን አለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ጨዋታውን የተዋወቅሁት በሜዳ ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን የኸሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» ከተማሪዎች ጋር ስናነብ፣ አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እጅ ይወጣ ነበር። ያ ኩባዊ ዓሣ አጥማጅ ባሕር መሃል ከዓሣው ጋር ግብግብ ገጥሞ፣ እጁ ተልጦ፣ ጀርባው ዝሎ፣ ደጋግሞ የሚያስበው ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ስለ ጆ ዲማጂዮ። «መምህር፣ ዲማጂዮ ማነው?» ይሉኛል። የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ነው፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፣ ተረከዙ ላይ አጥንት በቅሎበት በሕመም የተጫወተ ሰው ነው እላቸዋለሁ። «ተረከዝ ላይ አጥንት ይበቅላል እንዴ?» ይከተላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ሽማግሌው ራሱም በመጽሐፉ ውስጥ ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቀውም። የሚያውቀው ሰውዬው እንደሚያመው ብቻ ነው፤ ለሽማግሌው ያ በቂው ነበር።

ዲማጂዮ አንድ ዕድል ነበረው። ሕመሙ ስም ነበረው፤ በራጅ ይታይ ነበር። በ1949 የውድድር ዓመት የመጀመሪያዎቹ 65 ጨዋታዎች አመለጡት፤ ማንም ሰነፍ ብሎ አልሰደበውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ተመልሶ በሦስት ጨዋታ አራት ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር ማዶ ሲልካት አገር ጉድ አለ። ስም ያለው ሕመም ጌታ ነው፤ ወንበር ይለቀቅለታል። ስም የሌለው ሕመም ግን እንደ ለማኝ ደጅ ላይ ይቆማል።

ወደ ሪቻርድ ከመሄዴ በፊት ጨዋታውን ለማያውቀው ሰው ጥቂት ላስረዳ። በቤዝቦል ሜዳ መሃል ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች። ጉብታዋ ላይ የሚቆመውን ሰው ፒቸር ይሉታል፤ እኔ ወርዋሪ ብዬዋለሁ። ከእሱ በ18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዱላ የያዘ መቺ ቆሟል። ከመቺው ኋላ ደግሞ ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ተቀባይ ቁጢጥ ብሎ፣ ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረወር በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል። ወርዋሪው ብርቱካን የምታህለውን፣ ወደ 145 ግራም የምትመዝነውን ኳስ በሰዓት 150፣ አንዳንዱም እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስወነጭፋታል። ኳሷ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳታት ተሰናበተ። ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። አንድ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ከዚያም በላይ ይወረውር ነበር። ክንድ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ማሳ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ዝንጀሮ ሲያባርር የዋለ ሁሉ በማግሥቱ ትከሻው ምን እንደሚለው ያውቃል።

ሪቻርድ የተወለደው በ1950 በሉዊዚያና ግዛት፣ ቪየና በምትባል ቦታ ነው። የሞዛርቷ ቪየና እንዳትመስላችሁ፤ ጥቁሮችና ነጮች በየፊናቸው ይኖሩባት የነበረች አነስተኛ የደቡብ መንደር ናት። ልጁ አደገና ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እጁ ስምንት የቤዝቦል ኳስ በአንድ ጊዜ ይይዝ ነበር ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ በጀመረው ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም። በመጨረሻው ዓመቱ በእሱ ላይ የተቆጠረ ነጥብ የለም። አንድ ጊዜ ቡድኑ 48 ለ0 ሲያሸንፍ አራት ጊዜ በተከታታይ ኳሷን ከሜዳ ውጭ የላካት እሱ ራሱ ነበር። ቅርጫት ኳስ እንዲጫወትላቸው ነፃ ትምህርት የሰጡትን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ትቶ፣ በ1969 በተደረገው ብሔራዊ ምልመላ ከመላው አሜሪካ ሁለተኛ ሆኖ ለሂውስተን አስትሮስ ተመረጠ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቁ ሊግ ብቅ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጃይንትስን ገጠመ። በዚያ ቀን 15 መቺዎች አሰናበተ። ከጨዋታው ታላላቆች አንዱ የሆነውን ዊሊ ሜይስን ሦስት ጊዜ ነው ያሰናበተው። በመጀመሪያ ጨዋታው 15 ያሰናበተ ሰው ከእሱ በፊት አንድ ብቻ ነበር፤ የብሩክሊን ዶጀርሱ ካርል ስፑነር፣ በ1954።

ስፑነርን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ይኼ ልጅ በመጀመሪያ ጨዋታው 15፣ በሁለተኛው 12 አሰናብቶ በሁለቱም አንድ ነጥብ ሳይሰጥ ወጣ። ብሩክሊን አበደ። በተከታዩ የጸደይ ልምምድ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ተጣድፎ ሲወረውር ትከሻው ተጎዳ። በ1955 ለዋንጫ በተደረገው ግጥሚያ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሲሰለፍ አንድ ሰው ብቻ አስወጥቶ፣ አምስት ነጥብ ተቆጥሮበት ተቀየረ። ከዚያ ወዲያ በትልቁ ሊግ አልታየም። በ24 ዓመቱ ታሪክ ሆነ። እንግዲህ ሪቻርድ ስሙን የጻፈው ከእንዲህ ያለው ሰው ስም አጠገብ ነው። ዕድል አንዳንዴ አስቀድማ ትጠቁማለች፤ የሚያነብ የለም እንጂ።

ሪቻርድ ወዲያው አልደመቀም። ኃይል ነበረው፤ ልጓም አልነበረውም። ኳሷ የምታርፍበትን እሱም በቅጡ አያውቀውም ነበር። በ1976 20 ጨዋታ ሲያሸንፍ እንኳ 151 መቺዎችን በመሳት በነፃ አሳልፏል፤ በሊጉ ከሁሉም የበዛ ነው። መቺዎቹ የሚፈሩት ይህንኑ ነበር። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ የት እንደምትሄድ ባለቤቷ ካላወቀ፣ ፊት ለፊት የቆመው ምን ተስፋ አለው? እየዋለ እያደረ ግን ልጓሙን አገኘ። በ1978 303 መቺዎች አሰናበተ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ወዲህ በናሽናል ሊግ በአንድ ዓመት 300 የደረሰ የመጀመሪያው ባለ ቀኝ እጅ ወርዋሪ ሆነ። በ1979 ደግሞ 313።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቡድኑ ኖላን ራያንን አስፈረመ። ራያን የሂውስተን አካባቢ ልጅ ነው፤ ነጭ ነው፤ ታላቅ ወርዋሪ ነው። በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር በመከፈል በቤዝቦል ታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ብዙ ጥፋት ይመጣበታል።

1980 ገባ። ሪቻርድ በግማሹ ዓመት 10 ጨዋታ አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ከሁለት በታች፣ 1.90 ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ሰው ነው እንግዲህ «ክንዴ ይሞትብኛል» ማለት የጀመረው። ጀርባውን ይይዘዋል፤ ትከሻው ይደክማል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። አምስት ዙር፣ ስድስት ዙር እንደ አውሎ ነፋስ ይወረውርና «በቃኝ፣ አውጡኝ» ይላል። ደጋፊው ያጉረመርማል። ጋዜጠኛው ብዕሩን ይስላል። አሰልጣኞቹ ይተያያሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና።

ኋላ እንደታወቀው፣ የሪቻርድ በሽታ ከአንገቱ ሥርና ከትከሻው አካባቢ ነበር። ከልብ ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ ደም ቅዳ በአንገት ሥር ባለው አጥንትና በመጀመሪያዋ የጎድን አጥንት መካከል ባለች ጠባብ በር ያልፋል። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ክንዱን ወደ ላይ እየሰቀለ የሚወረውር ሰው ጡንቻው ይደድራል፤ በሩ ይጠባል፤ የደም ሥሩ ይጨፈለቃል፤ ውስጡ ይቆስላል፤ ቁስሉ ላይ ደም ይረጋል። ክንዱ ሲያርፍ የምትደርሰው ጥቂት ደም ትበቃዋለች። ሥራ ሲጀምር ግን አትበቃውም። ስለዚህ ሰውዬው ሲጀምር ደህና ነው፤ እየቆየ ይደክማል፤ ሲያርፍ ደግሞ ይመለስለታል። አያችሁ ነገሩን? መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ፣ መሃል ላይ ደካማ፣ ሲያርፍ ደህና። ይህ የበሽታው ምልክት ነው። ነገር ግን ከሩቅ ለሚያየው የስንፍና ምልክትም እሱው ነው። በሽታው የሰጠው ማስረጃ ሁሉ በራሱ ላይ ተመሰከረበት።

ሐሜቱ መልክ በመልክ መጣ። ራያን ሚሊዮን ሲከፈለው ቀንቶ ነው ተባለ። ሰነፍ ነው ተባለ። ወኔ የለውም ተባለ። ዕፅ ይወስዳል የሚሉም አልጠፉ። ሪቻርድ በተፈጥሮው ከጋዜጠኞች ጋር የሚግባባ፣ ጥሩ ጥሩ ጥቅስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ዝም ይላል፤ ዝምታው ኩራት ተደርጎ ተቆጠረበት። ሲናገር ደግሞ ሰበብ ነው ተባለ። ከሁሉ የከፋው ግን ገላው ነበር። ከሁለት ሜትር በላይ የቆመ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው «አመመኝ» ሲል ማን ያምነዋል? የእኛም ሰው ቢሆን «እንዲህ ዝሆን አክሎ!» ይላል። ለቀጭን ሰው የምናዝነውን ያህል ለግዙፍ ሰው አናዝንም፤ ግዙፍ ሰው የሚታመም አይመስለንም። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ግዙፉ ጥቁር ሲሆን ከኋላው የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። በጥጥ እርሻ ላይ ባሪያው «አሞኛል» ሲል አለቃው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማስመሰሉን ነበር። በ1980 ስታዲየም ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይህን እያሰበ ነበር ለማለት አልደፍርም። ያልታሰበ ነገር ግን የለም ማለት አይደለም። «ነጭ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይጠረጠር ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄም ዛሬ የመጣ አይደለም፤ በዚያው ሰሞን በሂውስተን ተነሥቷል።

ጁላይ 8 ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው የሊጉ ከዋክብት ጨዋታ ናሽናል ሊግን ወክሎ የመጀመሪያው ወርዋሪ እሱ ሆነ። ሁለት ዙር ወርውሮ ወጣ። «ይኸው ለከዋክብት ጨዋታ ሲሆን ክንዱ ይሠራል» ተባለ። ሐምሌ አጋማሽ፣ በ14ኛው ቀን፣ በአትላንታ ብሬቭስ ላይ ሊወረውር ወጣ። ተቀባዩ በጣቶቹ የሚሰጠው ምልክት አልታየው አለ። 18 ሜትር ርቀት ላይ ያለን የሰው ጣት ማየት ያቃተው ሰው! በአራተኛው ዙር ወጣ። ያ ቀን በትልቁ ሊግ የወረወረበት የመጨረሻ ቀን ነው።

ቡድኑ ከተጎጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ሆስፒታል ገብቶ ለቀናት ተመረመረ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሐኪሞቹ ምንም አላገኙም ማለት ስህተት ነው። አግኝተዋል። በቀኝ ክንዱ ደም ቅዳ ውስጥ መዘጋት እንዳለ አይተዋል። ግን ለጊዜው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፣ በክትትል ሥር ቀለል ያለ ልምምድ ማድረግ ይችላል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ከጊዜው እውቀት አንፃር ምን ያህል እንደሚፈረድባቸው ለሙያው ሰዎች እተወዋለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። መዘጋት መኖሩ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሐሜቱ አልቆመም። ቀኖቹን ቁጠሩልኝ፤ ምርመራው የተደረገው ጁላይ 25 አካባቢ ነው።

ጁላይ 30 ቀን 1980፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 23 ቀን 1972 ዓ.ም. ሪቻርድ አስትሮዶም በተባለው ጣሪያ ባለው ስታዲየም ውስጥ ከአንድ የቀድሞ የቡድን ጓደኛው ጋር ኳስ እየተቀባበለ ልምምድ ጀመረ። ተመልካች የለም። በኋላ እንደተናገረው ጆሮው ውስጥ ቀጭን ጩኸት ሰማ። ራሱን አዞረው። ወደቀ። የረጋው ደም ወደ አንጎሉ የሚሄደውን መንገድ ዘግቶት ኖሯል። ስትሮክ ነበር። በዚያው ዕለት አንገቱ ተከፍቶ የረጋው ደም ወጣለት፤ ሕይወቱ ተረፈች። የግራ ጎኑ ግን ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ቀስ በቀስ ነው የተመለሰለት።

ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት ነሐሴ ላይ ስለ ጉዳዩ ሰፊ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ አሁን ሁሉም ሰው አመነው የሚል ርዕስ ነበር የሰጠው። ለሃያ ዓመታት ያህል ስለ ርዕስ አሰጣጥ ለተማሪዎች ሳወራ ኖሬአለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል የከሰሰ ርዕስ ብዙ አላየሁም። ማመኛው ስትሮክ ሆነ ማለት ነው። ሰውዬው ሲናገር ያላመነው ሁሉ ሲወድቅ አመነ።

ያ ዓመት ለሂውስተን እስከዚያ ድረስ ከነበረው ታሪኩ ምርጥ ዓመት ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ቡድኑ ያለ ሪቻርድ ምድቡን አሸነፈ፤ ኦክቶበር ላይ ወደ መጨረሻው ዋንጫ ለመግባት ከፊላዴልፊያ ጋር አምስት ጨዋታ ገጠመ። ከአምስቱ አራቱ በመደበኛው ዘጠኝ ዙር አልተፈቱም፤ ተጨማሪ ዙር ጠየቁ። 3 ለ2 ተሸነፉ። ፊላዴልፊያ ሄዳ ዋንጫውን በላች። የሂውስተን ሰዎች «ሪቻርድ ቢኖር» እያሉ ለዓመታት ተቆጩ። ከጥቂት ወራት በፊት ሰነፍ ያሉት እነሱው አይደሉም ወይ? ሰው እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ።

አጭር የወርዋሪ ዘመን ሁሉ አሳዛኝ አይደለም። የሎስ አንጀለሱ ሳንዲ ኮፋክስ በ1966 27 ጨዋታ አሸንፎ፣ በሙያው ማማ ላይ ቆሞ፣ በ30 ዓመቱ «አበቃ» አለ። የግራ ክርኑ መገጣጠሚያ በአርትራይተስ ተበልቶ ነበር። እየተወጋ፣ በበረዶ ውኃ ክንዱን እየነከረ ለዓመታት ከተጫወተ በኋላ፣ ቀሪ ዕድሜውን ክንዱ እየሠራ መኖር እንደሚፈልግ ተናግሮ ወጣ። አገር አዘነለት፤ አከበረው። አጋጣሚ ሆኖ ሪቻርድም በወደቀበት ቀን 30 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ክንዳቸው ከድቷቸዋል። አንዱ በሩን ራሱ ዘግቶ ወጣ፤ ሌላው በሩ ላዩ ላይ ተዘጋበት። ልዩነቱ የት እንደሆነ ስፈልግ የማገኘው ያንኑ ነው፤ የኮፋክስ ሕመም ስም ነበረው፣ ራጅ ላይ የሚታይ ነበር። የሪቻርድ ሕመም የነበረው ምስክር ሪቻርድ ብቻ ነው።

ታዲያ ቢታመን ኖሮ ሙያው ይተርፍ ነበር? ይህን ጥያቄ አድበስብሶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየናል። ዛሬ ይህ በሽታ ስም አለው፤ ቀዶ ሕክምናም አለው። የዋሽንግተን ናሽናልሱ ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ አሰናበተ፤ ከሪቻርድ በአንድ ያነሰ። በ2019 ቡድኑ ዋንጫ ሲወስድ የግጥሚያው ኮከብ እሱ ነበር፤ ያሸነፉት ደግሞ ሂውስተንን ነው። በዚያው ዲሴምበር የሰባት ዓመት፣ 245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ እጁ መደንዘዝ ጀመረ። ማንም አልጠረጠረውም፤ በ2021 የጎድን አጥንቱ ወጥቶለት በሩ ሰፋ። ያም ሆኖ ከዚያ ውል በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2024 በይፋ ተሰናበተ። ስለዚህ መታመን ክንድ አያድንም ይሆናል። ስትራስበርግ ግን ልጆቹን በሁለት እግሩ ቆሞ ያሳድጋል፤ ደመወዙም በውሉ መሠረት ይከፈለዋል። ሪቻርድ ከ1980 በፊት የነበረውን ክንድ ቢያጣ እንኳ አንጎሉ ባልተነካበት ነበር። ጥያቄው የሙያ ጉዳይ ሳይሆን የሰው ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሪቻርድ ለመመለስ ታገለ። ትከሻው ላይ ሌላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እየሮጠ፣ እየወረወረ፣ በ1982 በታችኛው ሊግ ከልጆች ጋር ተሰልፎ ሞከረ። ፍጥነቱ ቀንሷል። ከዚያም በላይ፣ የተመታች ኳስ ወደ እሱ ስትመለስ ርቀቷን መለየት ያስቸግረው ነበር። በ1984 ቡድኑ አሰናበተው። በትልቁ ሊግ በጠቅላላው 107 ጨዋታ አሸንፏል፤ 71 ተሸንፏል፤ 1,493 መቺዎች አሰናብቷል።

ከዚያ የሆነውን በረጅሙ ማውራት አልወድም፤ ጋዜጦች በቂ አድርገውታል። የነዳጅ ንግድ ነው ተብሎ ገንዘቡን ያስገባበት ነገር ማጭበርበሪያ ሆኖ ተገኘ። ትዳሩ ፈረሰ፤ ፍቺው የቀረውን ወሰደ። ሌላ ትዳር፣ ሌላ ፍቺ። ቤቱ ሄደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ጋዜጠኛ ሲያገኘው፣ ሪቻርድ በሂውስተን ከተማ በአንድ አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር እያደረ ነበር። በላዩ ላይ መኪኖች ይበራሉ። ከእነዚያ ሾፌሮች መካከል በ1979 ስሙን እየጠሩ የጮኹለት ስንት ይኖራሉ? እኔ ድልድዩን ሳስብ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሰውዬው ከተማዋን ጥሎ አልሄደም። ያላመነችው ከተማ ውስጥ ነው የቀረው።

ከድልድዩ ሥር ያነሡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የቀድሞ ተጫዋቾች መረዳጃ ማኅበር ናቸው። የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ፤ ለአንድ አስፋልት ሠሪ ድርጅት ሠራ፤ ከዚያ ሰባኪ ሆነ፤ ልጆችን ኳስ መወርወር ያስተምር ገባ። ስለ ሕይወቱ በ2015 መጽሐፍ አወጣ። ቂም የያዘ ሰው አይመስልም ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ይዤ እኖር ነበር።

በአንድ ዓመት 313 መቺዎችን ያሰናበተበት የቡድኑ ክብረ ወሰን ለአርባ ዓመት ሳይደፈር ቆየ። በ2019 ጌሪት ኮል የሚባል ወርዋሪ 326 አሰናብቶ ሰበረው። ሪቻርድ ያኔ በሕይወት ነበር፤ እዚያው ሂውስተን። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን 2021፣ በ71 ዓመቱ አረፈ።